የርዕሰ መምህርቷ ወናፍ

አሰለፈች መንግሥቴ ጥሩ እንቅልፍ የሚይዛት መኪና ላይ ብቻ ነው። አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ የምታድር ሴት፣ መስኮት አጠገብ ወንበር አግኝታ ጭንቅላቷን ካስደገፈች ወዲያው ታሸልባለች። እንቅልፏም ሙሉ እንቅልፍ አይደለም፤ ዓይኗ በግማሽ ተከፍቶ የገብሱን ማሳ ያያል፣ ጆሮዋ የተሳፋሪውን ወሬ ይሰማል፣ በመሃል ደግሞ ሕልም ሹልክ ብሎ ይገባበታል። በዚያ የነሐሴ ሰኞ ከወገዳ ወደ መካነ ኢየሱስ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥም እንዲሁ ሆነች። መንገዱ በዝናብ ተቦርቡሮ መኪናውን እንደ ወንፊት ያንገዋልለዋል፤ ከገደሉ ሥር ጉም እየተነሣ መስታወቱን ይልሰዋል። እሷ ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ ትሰማለች። ፉ... እፍ። ፉ... እፍ። አንዳች ትልቅ እንስሳ ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስላል። ምን እንደሆነ ታውቀዋለች፤ ስሙን ግን በሐሳቧ እንኳ አትጠራውም።

ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው። ከወገዳ ወጣ ብሎ ያለው የጎሽ ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ከሆነች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ በፊት ዐሥራ አምስት ዓመት እዚያው ኬሚስትሪ አስተምራለች። ሰው ይወዳታል። ከለቅሶ አትቀርም፣ ከሠርግ አትቀርም፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትቆጣ የሰማት የለም። «አባትሽ ምን ነበሩ?» ብሎ የጠየቃት ሁሉ «ገበሬ ናቸው፤ ታች ጋይንት» የሚል መልስ ያገኛል። ውሸትም አይደለም። አባቷ የገብስ ማሳ አላቸው፤ የበሬ ግንባር የምታህል።

ያልተናገረችው ሌላ ነው። አባቷ አያ መንግሥቴ ከአርብ ገበያ ቁልቁል ባለች መንደር ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። አያቷም ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ከዚያ በላይ ያለውም እንዲሁ። ያገሩ ሰው የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ ከእጃቸው ይወጣል፤ ያው ሰው ግን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው «ቡዳ» ብሎ ፊቱን ያዞርባቸዋል። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት አሰለፈች ከአባቷ ጎን አትጠፋም ነበር። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ወናፉን የምታናፋው እሷ ናት፤ ሁለት የፍየል ቆዳ ከረጢት፣ አንዱን እየከፈቱ ሌላውን እየተጫኑ ለፍሙ ትንፋሽ የሚሰጡበት። ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ልጆቹ ምሳቸውን ጀርባቸውን ሰጥተዋት ይበሉ ጀመር። ስትቀርባቸው ቆሏቸውን ጋቢ ሥር ይከቱታል፣ ዓይኗ እንዳያርፍበት። እሷ የቆሎው ነገር ግድ አልነበራትም፤ እነሱ የተቀመጡበት ፀሐይ ነበር የሚያምራት።

መምህርነት ተምራ ስትመደብ ከአገሯ ራቅ ያለውን መረጠች። ባሏን፣ የጂኦግራፊ መምህሩን ፍሬውን፣ ሳይጋቡ በፊት ነግራዋለች። «ለእኔ ምንም አይደለም፤ ለማንም አልናገርም» አላት። ደግ ሰው ነው፤ በደግነትም ነው ያለው። ያ ደግ ቃል ግን ነገሩ የሚደበቅ መሆኑን አጸናባት። ለሠርጓ አባቷ አልመጡም። «እግሬን ያመኛል» ብለው ላኩባት። እግራቸው ደኅና እንደነበረ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

መካነ ኢየሱስ የተጠሩት ከእስቴ፣ ከስማዳና ከጋይንት የመጡ አርባ ያህል የትምህርት ቤት መሪዎች ናቸው። ጉዳዩ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ነው። ዐሥራ አንደኛ ክፍል የገባ ተማሪ ከሒሳቡና ከእንግሊዝኛው ጎን አንድ የሙያ ዘርፍ መርጦ ሊማር ነው፤ ርዕሳነ መምህራኑ ደግሞ ነገሩን ቀድመው ይተዋወቁት ተባለ። አብዛኛው ሰው የጠበቀው የለመደውን ነው፤ ደብተርና እስክሪብቶ መቀበል፣ ስላይድ ማየት፣ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ።

አሠልጣኙ ናትናኤል ይባላል። ከደብረ ታቦር የመጣ ወጣት ነው፤ ክንዱ ላይ ብየዳ የተወው ነቁጥ ነቁጥ ጠባሳ አለ። የመጀመሪያውን ቀን እንደ ደንቡ አስተማረ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ፕሮጀክተሩን አጠፋና እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ።

«ልጆቹ እናንተን አይተው ነው የሚመርጡት» አለ። «የግንባታ ክፍል፣ የብረታ ብረት ክፍል፣ የልብስ ስፌት ክፍል ስትሉ ፊታችሁ ላይ ንቀት ካለ ተማሪው ያነበዋል። ስለዚህ ዛሬ ወረቀት የለም። ሁላችሁም አንድ አንድ ነገር በእጃችሁ ትሠራላችሁ።»

ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሎ ነበር። አንዱን ቡድን እንጨት ላይ፣ አንዱን ስፌት ላይ መደበ፤ አሰለፈች ብረት ደረሳት። ከሰሉ ተቀጣጥሎ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማራገቢያ ጥቂት እንደጮኸ መብራት ሄደ። ናትናኤል አልደነገጠም። ከዳሱ ጥግ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር አምጥቶ ፈታው።

ወናፍ ነበር።

«ከተማው ዳር ካሉ አንድ ባለሙያ ነው የተዋስኩት» አለ። «አባቶቻችን መብራት አይጠብቁም ነበር። በሉ ማን ይሞክራል?»

ራሱ ቀድሞ ሞከረ። ሁለቱንም ከረጢት ባንድ ጊዜ ከፍቶ ባንድ ጊዜ ተጫናቸው፤ ዐመዱ ቦነነ፣ ፍሙ ግን ፊቱን አጨፈገገ። ሌላ ሰው ተቀመጠ፤ ያው ሆነ። አሰለፈች ከኋላ ቆማ ነበር። ጣቶቿ በነጠላዋ ሥር ሲንቀሳቀሱ ተሰማት፤ ግራ ሲከፈት ቀኝ ይጫናል፣ ቀኝ ሲከፈት ግራ። ጉሙ ከሜዳው ተነሥቶ እስከ ዳሱ ድረስ መጥቷል፤ ሰዎቹ በጉም ውስጥ ጥላ መሰሏት፤ እሷም የስድስት ዓመት ልጅ ሆና እሳቱ ፊት የተቀመጠች መሰላት። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች።

ያን ጊዜ ነው እሱባለው የተናገረው። እሱባለው ከእስቴ የመጣ ርዕሰ መምህር ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሥልጠናውን በቀልድ የያዘው እሱ ነው። «ተው እንጂ ናትናኤል!» አለ። «ይህ እኮ በዘር ነው የሚወረሰው። ከመሃላችን ቡዳ ካለ ይውጣና ይገላግለን!»

ሁሉም ሣቀ። አሰለፈችም ሣቀች። ከሁሉ ድምፅ ለይታ የሰማችው የራሷን ሣቅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ቅጥነት ያለው ሣቅ። እግሯን ወደ ኋላ መለሰች። ፍሙ ጥቂት በጥቂት ጠቆረና ሞተ፤ ናትናኤል «ግድ የለም፣ ነገ መብራት ሲመጣ» አለ።

በሦስተኛው ቀን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የትኛውን ዘርፍ እንደሚከፍት የሚሞላበት ቅጽ ታደለ። አሰለፈች ስሟንና የትምህርት ቤቱን ስም ጽፋ፣ ከዚያ በታች ያለውን መስመር ስታይ ቆየች። ባዶውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «በስልክ አሳውቅሃለሁ» አለችው ናትናኤልን። ለፍሬውም ደውላ «ነገ አልመጣም፤ አባዬ ጋ ልሄድ ነው» አለችው። ፍሬው «ሂጂ» አላት።

ነፋስ መውጫ አድራ፣ ዓርብ ረፋዱ ላይ አርብ ገበያ ደረሰች። ዝናቡ ለጊዜው ጋብ ብሎ ገበያው በጭቃ ላይ ቆሟል። ገበሬው በአህያም በእግሩም ከየአቅጣጫው ይገባል፤ የእህል ተራው፣ የበጉ ተራው፣ የጨውና የበርበሬው ተራ እርስ በርሱ ተደጋግፏል። የብረት ተራ ግን ለብቻው ነው፤ ከሁሉም ፈንጠር ብሎ፣ ከአንድ ያረጀ ጽድ ሥር። ሰው ሊገዛ ይመጣል እንጂ ሊቀመጥ አይመጣበትም።

አያ መንግሥቴ ማዳበሪያ ላይ ማረሻቸውን ደርድረው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። የእጃቸው መዳፍ ጠቁሮ ተሰነጣጥቆ፣ ዝናብ የናፈቀው መሬት ይመስላል። ልጃቸውን ሲያዩ ለመነሣት አሉ፤ ከዚያ ዙሪያቸውን ቃኝተው መልሰው ተቀመጡ። አንድ ገበሬ ማረሻ እየመረጠ ነበርና ጃንጥላ የያዘችውን የከተማ ሴት በመገረም ተመለከተ።

«ደንበኛ ናት» አሉት አያ መንግሥቴ ፈጥነው። «ለትምህርት ቤት አትክልት መቆፈሪያ ልታዝዝ ነው።»

አሰለፈች ጃንጥላዋን አጠፈች። «አይደለሁም» አለች። ድምፅዋ ከራሷ ቀድሞ የወጣ መሰላት። «ልጃቸው ነኝ።» ከጎናቸው ባለው ድንጋይ ላይ፣ ቀሚሷ ጭቃ እየነካ ቁጭ አለች።

ገበሬው አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን አየና «እግዜር ያቆያችሁ» ብሎ ማረሻውን መምረጡን ቀጠለ። ሌላ የሆነ ነገር የለም። ሰማይ አልተደፋም። አያ መንግሥቴ ግን ገበሬው እስኪሄድ ድረስ ማረሻ ሲያነሡ ሲያስቀምጡ ቆዩ።

«ምን ሆንሽ አሰሉ?» አሏት በመጨረሻ።

ነገረቻቸው። ዳሱን፣ ወናፉን፣ የእሱባለውን ቀልድ። ሣቋንም አልዘለለችውም። «እኔም ሣቅሁ፣ አባዬ። ከእነሱ ጋር ሣቅሁ።»

አያ መንግሥቴ ቀና ብለው አላዩአትም። «ስንት ሰው ነበር?»

«አርባ።»

«አርባ ሰው ሲሥቅ አንዲት ብቻዋን ዝም ብትል ይታወቅባታል። እኔም ጠላ ቤት በር ላይ ቆሜ በራሴ የሣቅሁበት ቀን አለ። እሱን ተይው።» ማጭድ አንሥተው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ፈተሹ። «እሳቱስ? ነደደ ወይ?»

«አልነደደም።»

«ለምን?»

«ሁለቱንም ከረጢት ባንድ ላይ ነው የሚጫኑት። ትንፋሹ ይቋረጣል።»

ማጭዱን አስቀመጡት። ያን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ፤ አሰለፈች በዕድሜዋ ሁለት ጊዜ ብቻ ያየችው ቁጣ ነበር። «እያወቅሽ?» አሉ። «እያወቅሽ ፍሙ ፊትሽ ሲሞት ቆመሽ አየሽ? ለሰደበን ሁሉ እግዚአብሔር ይፍታው፤ ስድብ ለምጃለሁ። ፍም ግን እያወቁ አይገደልም። ይህን ከልጅነትሽ ጀምሮ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

 አንዲት በቅሎ ጭቃውን እየረጨች አለፈች፤ ከጽዱ ላይ የቀረ ዝናብ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ከዚያ አሰለፈች ስልኳን አውጥታ ናትናኤል ጋ ደወለች።

«አንዱ ከረጢት ሲከፈት ሌላው ይጫን» አለችው። «ባንድ ላይ አይደለም። ሲተነፍሱ እንደሚፈራረቁ ሁለት ሰዎች አድርገህ አስበው። ለሚቀጥሉት ሠልጣኞች አሳያቸው።»

«ማን ነገረዎት?» አላት ናትናኤል።

«አባቴ። አባቴ ቀጥቃጭ ናቸው። ሌላ ቅጽም አውጥተህ ሙላልኝ፦ ጎሽ ሜዳ፣ ብረታ ብረት።»

አያ መንግሥቴ ሰምተዋል። ከማዳበሪያው ጫፍ ላይ ትንሽ ቦታ ለቀቁላት፤ እሷም እግሯን ከጭቃው አወጣች።

መስከረም ሲጋመስ በጎሽ ሜዳ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። አደይ ሜዳውን ሞልቶ፣ ወላጆች በአበባው መሃል መንገድ ሠርተው መጡ። የወላጆች ተወካይ አቶ አንዳርጌ ነበሩ፤ ንግግራቸው የተመዘነ፣ በሽምግልና ስማቸው ሩቅ የሚጠራ ገበሬ። ሁለተኛ ልጃቸው መሠረት በዚያ ዓመት ዐሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች። አሰለፈች ስለ ሙያ ዘርፎቹ አስረድታ ስትጨርስ ተነሡ።

«መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አሉ፣ «እኛ ልጆቻችንን የላክን ሐኪም እንዲሆኑ፣ ዳኛ እንዲሆኑ ነው። ከሞፈር ያላቀቅነውን ልጅ ወደ ፍም ይመልሱልናል? ይህ የጠይብ ሥራ ነው። ለሚያውቁት ይተዉላቸው።»

ብዙ ራስ ነቀነቀ። አሰለፈች የተዘጋጀችበት መልስ ነበራት፤ ከመመሪያው የተቀዳ፣ ስለ ሥራ ዕድልና ስለ አገር ዕድገት። ወረቀቱን አየችው፤ ፊደሎቹ ጉም ውስጥ ያሉ መሰሏት። አጥፋ አስቀመጠችው።

«የሚያውቁት ሰዎች ልጅ እኔ ነኝ» አለች። «አባቴ መንግሥቴ ይባላሉ፤ የአርብ ገበያ ቀጥቃጭ ናቸው። እኔም ሳላገባ፣ ሳልማር፣ ፊደል ሳልቆጥር የማውቀው ወናፍ ማናፋት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ደብቄያችሁ ነበር።»

ከዚያ የሆነው ዝምታ እንደ ውሃ ነበር። ሁሉም በውሃ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ቀስ ብሎ እጁን እንደሚያነሣ፣ ቀስ ብሎ ዓይኑን እንደሚያዞር ሆኖ ታያት። አቶ አንዳርጌ ገና አልተቀመጡም ነበር።

«ሃያ ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር በላሽ ጠጣሽ» አሉ። «ለምን አልነገርሽንም?»

አሰለፈች ሰማችው። «እርስዎ» የነበረችው ሴት በአንድ ትንፋሽ «አንቺ» ሆናለች። አመማት፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ብነግራችሁ ኖሮ እበላ ነበር?»

ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። የማያውቁትን የማይናገሩ ሰው ናቸው። «እውነትሽን ነው» አሉ ቆይተው። «አትበይም ነበር።» ዱላቸውን ከመሬት አነሡ። «ልጄን ግን አላስመዘግባትም።»

ከማግሥቱ ጀምሮ የተከተለው ጩኸት አልነበረም። ጩኸት ቢሆን ይሻል ነበር። አንድ መምህር ከእሷ ጋር ምሳ ሲቀርብለት «ጾም ላይ ነኝ» አለ፤ ጾም አልነበረም። የጥቅምት ማርያም የማኅበሩ ተራ የእሷ ነበር። ድፎ ዳቦውን ደፍታ፣ ጠላውን አጥልላ ጠበቀች፤ ከዐሥራ ሁለቱ ማኅበርተኞች የመጡት አምስት ብቻ ናቸው። ከአምስቱ አንዷ እማማ ማሚቴ ነበሩ፤ በዕድሜ ከሁሉም ይበልጣሉ፣ ዓይናቸው ደክሟል። ጽዋውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «ይህ የእመቤታችን ነው፤ የማንም ቤት ቢሆን የእሷ ነው» ብለው እስከ ግማሹ ጠጡ። ሰው ሲበተን ፍሬው የሰባቱን ሰው ድርሻ ዳቦ በጨርቅ ሲጠቀልል አሰለፈች አየችው። «ነገ ለተማሪዎቹ እወስደዋለሁ» አላት፤ ከዚያም፣ ሳያያት፣ «ለማንም አልናገርም ማለቴ ስሕተት ነበር» አለ።

ለብረታ ብረቱ ክፍል የተመዘገቡት ዐሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች ናቸው፤ ስድስቱ ሴቶች። መምህርቷ ማክዳ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ ብየዳውንም ንድፉንም የምታውቅ ልጅ ናት፤ ለብየዳ የሚበቃ መብራት ግን ግቢው ውስጥ ገና አልገባም። «ከምን ልጀምር?» ብላ ስትጨነቅ፣ አሰለፈች ከአባቷ መንደር ያስመጣችውን ወናፍ አሮጌው መጋዘን ውስጥ አስተከለች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ልጆቹ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሠላሳ ዓመት ገደማ አልነካችውም ነበር። ቆዳው ቀዝቃዛ ነው፤ ሽታው ግን ያው ነው። ግራዋን ከፈተች፣ ቀኟን ተጫነች። መጀመሪያ ዐመድ፤ ቀጥሎ ጭስ። ከዚያ እጇ ራሱን አስታወሰ። ፉ... እፍ፤ ፉ... እፍ። ፍሙ ከውስጥ ቀላ፣ ቢጫ ሆነ፤ የመጋዘኑ ግድግዳ ወርቅ ተቀባ፤ የልጆቹ ፊት አንድ በአንድ ከጨለማው ወጣ። አሰለፈች የት እንዳለች ጠፋት። የእናቷን ፊት አታስታውሰውም፤ ግን በዚያች ደቂቃ አንድ ሰው ከኋላዋ ተንበርክኮ ፀጉሯን የሚሠራላት መሰላት። ማክዳ «መምህርት፣ ብረቱ ደርሷል!» ብላ ባትጮህ ኖሮ እስከ ምሽት ታናፋው ነበር።

ልጆቹ ማጭድ ሠሩ፣ የበር ማጠፊያ ሠሩ። በኅዳር መጨረሻ የመጀመሪያውን ማረሻ ሠርተው ለጎረቤት ገበሬ፣ ለይግዛው፣ በነጻ ሰጡት። በሳምንቱ ይግዛው ወደ አሰለፈች ቢሮ ገባ። አልተቆጣም። ማረሻውን ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከደብዳቤዎቿ በላይ አስቀመጠው፤ ጫፉ እንደ ውሻ ጆሮ ታጥፏል።

«ገመሳ ስጀምር በመጀመሪያው ድንጋይ ነው የታጠፈው» አለ። «ልጆቹን አይቆጧቸው። እንዲያው ብታውቁት ብዬ ነው።»

የዚያን ዕለት አባቷ ጋ ደወለች። አያ መንግሥቴ እንደ ሁልጊዜው «እግሬን...» ብለው ጀመሩ። ከዚያ አቆሙ። «ውሃውን መቼ ነው ያጠጡት?» አሉ።

«እንጃ፣ አባዬ። እኔ አላየሁም።»

«እንግዲያ ማየት አለብኝ።»

በሦስተኛው ቀን ወገዳ ወረዱ። ንጹሕ ጋቢ ለብሰው፣ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይዘው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያቸው ነው። ሰላምታውን አሳጠሩ፤ ቀጥ ብለው ወደ መጋዘኑ ነው የሄዱት። ልጆቹ ማረሻ ሲያግሉ ቆመው አዩ፣ ብረቱን ውሃ ውስጥ ሲነክሩት አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቸኮላችሁ» አሉ። «ብረት ቀለም አለው። አሁን እንደ በርበሬ ነው፤ አልደረሰም። ተዉት... ተዉት... አሁን እንደ ብርቱካን ሆነ። አሁንም ተዉት። እዚያ ጫፉ ላይ ገለባ የመሰለውን ታያላችሁ? በሉ አሁን! ጫፉን ብቻ!»

ብረቱ ውሃው ውስጥ ጮኸ። አሰለፈች በር ላይ ተደግፋ ነበር። ዐሥራ አምስት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለ ብረትና ስለ ካርቦን ስትጽፍ፣ ይህን ቀለም አንድ ቀን እንኳ ስሙን ጠርታው አታውቅም። ማክዳ ደብተሯን አውጥታ የሰውየውን ቃል እንዳለ ትጽፍ ነበር፤ «በርበሬ፣ ብርቱካን፣ ገለባ።» አንዷ ተማሪ፣ ህሊና የምትባለው፣ ጉጠቱን ይዛ ሳትታዘዝ ሁለተኛውን ማረሻ ወደ ፍሙ መለሰችው። አያ መንግሥቴ አዩአትና ዝም አሉ፤ ዝም ማለታቸው ምስጋና መሆኑን አሰለፈች ብቻ ታውቃለች።

በዕረፍት ሰዓት ወደ መምህራን ሻይ ቤት ወሰደቻቸው። ሻዩን የምትቀዳው ፅጌ ናት፤ በዚያው ዓመት ከሌላ ቀበሌ የመጣች፣ ወሬውን ገና በቅጡ ያልሰማች ሴት። አያ መንግሥቴ እንደተቀመጡ ከጨርቅ ከረጢታቸው የቆርቆሮ ኩባያ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አሰለፈች ምክንያቱን ታውቃለች። አባቷ በሰው ቤት ሲጠጡ የራሳቸውን ዕቃ ይዘው ነው የሚሄዱት፤ የሰጣቸው ሰው ብርጭቆውን ከኋላቸው እንዳይሰብረው።

ፅጌ ኩባያውን አየችውና ሣቀች። «እሱ እጅዎን ያቃጥልዎታል አባባ! ቆርቆሮ እኮ ሻይ አይዝም። ይኸውልዎ፣ በዚህ ይጠጡ» ብላ፣ ለሌሎቹ ከቀዳችበት ከዚያው ሰልፍ ብርጭቆ አንሥታ፣ ሞልታ ፊታቸው አስቀመጠች። ኩባያውን ደግሞ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ወደ ሥራዋ ሄደች።

አያ መንግሥቴ ብርጭቆውን ጥቂት ተመለከቱት። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሻዩን ቀይ አድርጋዋለች፤ ከውጭ የልጆቹ መዶሻ ድምፅ ይመጣል፣ አንዴ ይስማማል፣ አንዴ ይዘባረቃል። ብርጭቆውን አንሥተው ፉት አሉ። ሁለተኛ ፉት አሉ። ለአሰለፈች ያ ጠዋት ከዚያ በኋላ ያለቀ አይመስላትም፤ እስከ ዛሬ ድረስ አንዳንድ ጊዜ ቢሮዋ ተቀምጣ፣ ያ ብርሃንና ያ ድምፅ ከጆሮዋ ጀርባ ሲያልፉ ይሰማታል።

የአቶ አንዳርጌ ልጅ መሠረት አልተመዘገበችም፤ በዚያው ዓመት አባቷ ወደ ነፋስ መውጫ ዘመድ ቤት ላኳት። ከሰባቱ ማኅበርተኞች ሁለቱ በኋላ ተመልሰዋል፤ አምስቱ እስካሁን አልመጡም። አሰለፈች ስማቸውን ከጸሎቷ አላወጣችም። ይግዛው በተጠገነው ማረሻ ገመሳውን ጨረሰ፤ እንዳይታጠፍ ፈርቶ ድንጋያማውን ጥግ ለመጨረሻ ትቶት ነበርና፣ እዚያ ሲደርስ ማረሻው ድንጋዩን አነሣው ብሎ ለሚያውቀው ሁሉ አወራ።

አያ መንግሥቴ ግን ያን ዕለት ሻያቸውን ጨርሰው፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረግ አድርገው፣ ልጃቸውን ጠየቋት፦

«እዚህ አገር ከሰሉን ከምን እንጨት ነው የሚያከስሉት?»

«ከወይራ ነው፣ አባዬ።»

«ወይራ ደግ ነው» አሉ አያ መንግሥቴ። መዶሻው ወደሚሰማበት ጆሯቸውን አዘነበሉ፤ አሁንም ከመሃል አንዱ ልጅ እየቸኮለ ነበር። «እንግዲያ እስከ ሰኞ ልቆይ።»